የጫጩት ነርቭ ሴል፣ ግሮውዝ ኮን እና ሴማፎሪን፦ ደብረ ብርሃን ላይ ኮንትሮሉም ለምን ይኮማተራል?

ባሶና (ክር ከፋች)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሆን የኮላፕስ (የመኮማተር) ሙከራ እያሰናዳን ነው። ከጫጩት ፅንስ የወጣ ዶርሳል ሩት ጋንግሊዮን (አከርካሪ አጠገብ ያለ የስሜት ነርቭ ሴሎች ስብስብ፣ ከዚህ በኋላ ዲአርጂ) ላሚኒን በሚባል ፕሮቲን ላይ ይበቅላል፤ አክሶኖቹ (ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች) ከወጡ በኋላ አክሶንን የሚገፋው የምልክት ፕሮቲን ሴማፎሪን 3ኤ ይጨመራል፤ በአክሶኑ ጫፍ ያለው ግሮውዝ ኮን እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ከነበረበት ሲኮማተር ይቆጠራል። ፕሮቶኮሉ የተጻፈው ለዝቅተኛ ከፍታ አገር ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እንቁላል በ37.5 ዲግሪ 7 ቀን። ከቨርስሊፕ በፖሊ ዲ ላይሲን 50 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ለ1 ሰዓት፣ ከዚያ በላሚኒን 10 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ለ2 ሰዓት። ሚዲየሙ ኤፍ12 ሆኖ 10 በመቶ ሴረም እና 50 ናኖግራም በሚሊሊትር ኤንጂኤፍ (ነርቭን የሚያሳድግ ፕሮቲን) አለበት። ኢንኩቤተሩ 37 ዲግሪ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ ላይ ተሞልቷል። በማግስቱ ሴማፎሪን 3ኤ 250 ናኖግራም በሚሊሊትር ለ30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ።

ችግሩ፦ ምንም ያልተጨመረበት ኮንትሮል ላይ ግማሽ ያህሉ ጫፍ ተኮማትሮ ይገኛል። ሴማፎሪን ያለበት ደግሞ ከኮንትሮሉ እምብዛም አይርቅም። ሁለቱ እንዲህ ከተቀራረቡ ለተማሪ ምን ይታያል? የት ጋ እንፈልግ?

---

ጉም_ጣርማበር

ከኢንኩቤተሩ ጀምሩ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 540 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፣ በባሕር ጠለል 760 የሆነው። የሚዲየሙን ፒኤች የሚወስነው የጋዙ መቶኛ አይደለም፣ ከፊል ግፊቱ ነው። 5 በመቶ በባሕር ጠለል 38 ሚሊሜትር ይሆናል፤ እናንተ ጋ 27 ብቻ። ባይካርቦኔቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ 7.4 ይሆናል ተብሎ የተቀመመው ሚዲየም 7.55 አካባቢ ይቆማል። ለጉበት ሴል ምናልባት ምንም አይደል፤ በየደቂቃው እየተዘረጋና እየተሰበሰበ ለሚሄድ ግሮውዝ ኮን ግን ቀላል አይደለም።

ወደ 38 ለመመለስ 7.1 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት (1,280 ሜትር አካባቢ) ብትሆኑ 5.8 ይበቃ ነበር።

ግን ዝም ብላችሁ ቁጥሩን ወደ 7 አታዙሩት። አንዳንዱ ሴንሰር ከፊል ግፊቱን እየለካ በባሕር ጠለል መቶኛ ቀይሮ ያሳያል፤ እንዲህ ያለው ላይ 5 ተብሎ የተጻፈው ቀድሞውንም ልክ ነው፣ ወደ 7 ካወጣችሁት ሚዲየሙን አሲድ ታደርጉታላችሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሴል የሌለበት ሚዲየም በሳህን አድርጋችሁ ኢንኩቤተር ውስጥ ታሳድሩና እንዳወጣችሁት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በተስተካከለ ፒኤች ሜትር ትለካላችሁ። 7.35 እና 7.45 መካከል እስኪገባ ድረስ በ0.5 በ0.5 ከፍ አድርጉ። ፒኤች የሚያሳየው ቀለም፣ ፊኖል ሬዱ፣ ወደ ሐምራዊ ካጋደለ ገና ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ መሸሽ ካሻችሁ ኤል15 የሚባለውን ሚዲየም ተጠቀሙ። ኤል15 ፒኤቹን የሚይዘው በፎስፌትና በአሚኖ አሲድ ስለሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይፈልግም፤ ከፍታው አይነካውም። ለዲአርጂ በጣም የቆየ ሚዲየም ነው። ስኳሩ ጋላክቶስ ስለሆነ ግሉኮስ 6 ሚሊግራም በሚሊሊትር፣ ግሉታሚን 2 ሚሊሞላር፣ ሴረም 10 በመቶ ጨምሩበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ኢንኩቤተር ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፣ ወዲያው ይቢጫል። ጋዝ የሌለው ማሞቂያ፣ ከሥሩ ውሃ የያዘ ትሪ፣ በቃ። ትሪው የግድ ነው፤ በደጋው ደረቅ አየር 500 ማይክሮሊትር በአንድ ሌሊት ይጎድልና ጨዉ ይከርራል፣ ጫፎቹም ይቀጥናሉ።

---

መሐል_ሜዳ

ጉም ያለው ልክ ነው፣ ግን ኮንትሮሉን ግማሽ ያደረሰው ፒኤች ብቻ አይመስለኝም። ብርዱስ?

የሴሉ የውስጥ ምሰሶ የሆነው ማይክሮቲዩብል በቅዝቃዜ ይፈታል። ጠዋት የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ከ15 ዲግሪ በታች በሚሆንበት ከተማ፣ ግማሽ ሚሊሊትር ሚዲየም የያዘ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሴማፎሪን እስኪጨመር፣ ክዳኑ ተከፍቶ ማይክሮስኮፕ ሥር እስኪታይ፣ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ጫፉ ሥራውን ጨርሷል። ያያችሁት ኮላፕስ የብርድ ነው፣ የምልክት አይደለም።

እንዲህ አድርጉ።

ከ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ያደረ ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ አዘጋጁ፤ ሳህኑ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ እሱ ላይ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ሴማፎሪኑን አስቀድማችሁ በሞቀ ሚዲየም 10 እጥፍ አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ከ500 ማይክሮሊትሩ 50 ቀንሳችሁ 50 በጠርዝ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። ኮንትሮሉም ያው 50 ማይክሮሊትር፣ ያው ቦቪን አልቡሚን (ቢኤስኤ) ያለበት፣ ሴማፎሪን ብቻ የሌለው ይጨመርበት። «ምንም ያልተጨመረበት» ያላችሁት ኮንትሮል ለዚህ ሙከራ አይበቃም፤ የፈሳሽ መወርወር ራሱ የሚያኮማትረው አለ።

ሴሉ ባለበት እንዲቆይ ፊክስ ሲደረግ ደግሞ ሚዲየሙን መጥጦ ፓራፎርማልዴሃይድ ማፍሰስ ትልቁ ጥፋት ነው። የውሃው ገጽ አክሶኖቹን አቋርጦ ሲያልፍ የጫፉን ጣቶች (ፊሎፖዲያ) ይቀድዳቸዋል። ግማሹን ሚዲየም ቀንሱ፤ በምትኩ በ37 ዲግሪ የሞቀ 8 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ፣ 20 በመቶ ሱክሮስ ያለበት፣ እኩል መጠን ጨምሩ። ሲደባለቅ 4 እና 10 ይሆናል። ሱክሮሱ በጣቶቹ መካከል ያለውን ስስ መጋረጃ (ላሜሊፖዲያ) ሳይሸበሸብ ያቆየዋል። 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ሦስት ጊዜ። ዱቄቱን የሚያሟሟው ሰው በ60 ዲግሪ፣ ጭስ መሳቢያ ሥር፣ ጥቂት ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሮ ያድርገው፤ ከዚያ ፒኤቹ 7.4 ላይ ይመለስ። ማፍላት የለም።

ስለ ላሚኒኑም አንድ ነገር፦ ከፍሪዘር ወጥቶ በእጅ ሙቀት ከቀለጠ ይረጋል፤ የረጋው መስታወቱ ላይ እንደ ደሴት ተለይቶ ይቀመጣል፤ አክሶኑ ደሴቱ ጫፍ ደርሶ ይቆማል። በበረዶ ላይ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ከተለበጠ በኋላም አይድረቅ፤ ላሚኒኑ የሚነሣው ዲአርጂው ሊቀመጥ ሲል ነው። ፖሊ ዲ ላይሲኑ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ካልታጠበ የተረፈው ሴል ይመርዛል።

---

ባሶና

እትዬ መሐል ሜዳ፣ እግዜር ይስጥልን። የአሉሚኒየም ሰሌዳውን ዛሬውኑ እናስቆርጣለን። ፒኤቹ በተባለው መንገድ ተለካ፤ 7.58። ሴንሰሩ መቶኛን ነው የሚያነበው ማለት ነው።

---

መርሐቤቴ

ተማሪ ፊት የሚቀርብ ከሆነ «ተኮማተረ» ብሎ መቁጠር ብቻውን ምን ያስተምራል? ውስጡ ምን እንደሚሆን ይነገራቸው።

ራሞን ኢ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1890 የጫጩት ፅንስ አከርካሪ ውስጥ ይህን ጫፍ በብር ማቅለሚያ አይቶ ስም ሰጠው። ያየው የሞተ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ እንደሚንቀሳቀስ ግን ከቅርጹ ገመተ። በ1907 ሮስ ሃሪሰን የእንቁራሪት ፅንስ ነርቭ በሊምፍ ጠብታ ውስጥ አንጠልጥሎ አክሶን ሲያድግ በዓይኑ አየ።

ጫፉን በሦስት ክፍል እዩት። ዳር ዳሩ አክቲን የሚባለው የፕሮቲን ክር ነው፤ ጣት መሰሎቹ ፊሎፖዲያ፣ በመካከላቸው የተዘረጋው ስስ መጋረጃ ላሜሊፖዲያ። መሐሉ የማይክሮቲዩብል ነው። በሁለቱ መካከል ማዮሲን 2 የሚጎትትበት ቀለበት አለ። አክቲን ዳር ላይ ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ማዮሲን ደግሞ ያለማቋረጥ ወደ ኋላ ይስበዋል። በዚህ ብቻ ጫፉ ባለበት ይረግጣል እንጂ አይሄድም። ጣርማበርን የሚወጣ አይሱዙ ክላቹ ከተረገጠ ሞተሩ ቢያጓራም ጎማው አይዞርም፤ እንደዚያው ነው። ክላቹ የሚያዘው የሴሉ መጨበጫ ፕሮቲን፣ ኢንተግሪን፣ ላሚኒኑን ሲጨብጥና አክቲኑን ከእሱ ጋር ሲያስር ነው። ያን ጊዜ ወደ ኋላ የሚሸሸው አክቲን ይዘገያል፣ ጫፉ ወደፊት ይገፋል፣ ማይክሮቲዩብሉ ተከትሎ ይገባል።

ምልክት ይህን ሚዛን በአንድ ጎን ያዛባል። ሳቢ ምልክት በአንድ ጎን ሲበዛ እዚያ በኩል ራክ እና ሲዲሲ42 የሚባሉ አክቲን አዛዥ ፕሮቲኖች ይነቃሉ፣ አክቲን ይበዛል፣ ማይክሮቲዩብል ወደዚያ ይሰድዳል፣ አክሶኑ ይዞራል። ሴማፎሪን 3ኤ ሪሴፕተሮቹ (ተቀባዮቹ) ኒውሮፒሊን 1 እና ፕሌክሲን ኤ ላይ ሲያርፍ ደግሞ አክቲኑ ይበተናል፣ ኢንተግሪኑ ይለቃል። ሙከራችሁ ላይ ሴማፎሪኑ ከአንድ ጎን አይመጣም፤ ሚዲየሙን ሞልቶታል። ስለዚህ ጫፉ የሚዞርበት አቅጣጫ የለውም፣ በየጎኑ ይለቅና ይኮማተራል። ኮላፕስ ማለት መግፋት በሁሉም በኩል ሲሆን የሚታየው መልክ ነው። ይህን ካልነገራችኋቸው ተማሪዎቹ ሴማፎሪን መርዝ ነው ብለው ይሄዳሉ። መርዝ አለመሆኑን ለማሳየት ጥቂት ሳህን ሳይፈከስ ሴማፎሪኑ ታጥቦ በአዲስ የሞቀ ሚዲየም ይቆይ፤ ከሰዓታት በኋላ ጫፎቹ መልሰው ይዘረጋሉ።

---

የይፋት_ልጅ

ጋሼ መርሐቤቴ፣ እንግዲህ በመማሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ላይ «ኔትሪን ሳቢ፣ ሴማፎሪን ገፊ፣ ስሊት ገፊ» የሚለው በቂ አይደለም ማለት ነው? ይህን ሸምድዶ ፈተና ለሚገባ ተማሪ ምን ይባላል?

---

መርሐቤቴ

ልጄ፣ ሠንጠረዡን ይሸምድድ፣ ግን በእርሳስ ይጻፈው።

በ1997 የሙሚንግ ፑ ቡድን ያሳየው ይህን ነው። የዜኖፐስ እንቁራሪት የአከርካሪ ነርቭ ሴል ይበቅላል። ጫፉ 1 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ፒፔት ከግሮውዝ ኮኑ 100 ማይክሮሜትር ርቆ፣ ከጉዞው አቅጣጫ 45 ዲግሪ ይቀመጣል። ፒፔቱ ውስጥ ኔትሪን 1፣ 5 ማይክሮግራም በሚሊሊትር። በትንንሽ የግፊት ምት ይለቀቃል፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ሺህ እጥፍ ያህል ቀጥኗል። በ1 ሰዓት ውስጥ አክሶኑ ወደ ፒፔቱ ይዞራል። አሁን ያንኑ ሙከራ፣ ያንኑ ኔትሪን፣ ሳህኑ ውስጥ አርፒ ሲኤኤምፒኤስ 20 ማይክሮሞላር ተጨምሮበት ድገሙት፤ ይህ በሴሉ ውስጥ መልእክት የሚያደርሰውን የሳይክሊክ ኤኤምፒን መንገድ የሚዘጋ ነው። አክሶኑ ከፒፔቱ ይሸሻል። ምልክቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተቀባዩ ሆድ ነው። በዓመቱ ደግሞ ያው ቡድን የሴማፎሪንን መግፋት በሳይክሊክ ጂኤምፒ በኩል ወደ መሳብ ገለበጠው።

የሚረግጠው መሬትም ይገለብጠዋል። የክሪስቲን ሆልት ቡድን በ1999 እንዳሳየው የዜኖፐስ ሬቲና አክሶን ላሚኒን በበዛበት ኔትሪንን ይሸሻል።

ከዚህ ወደ ባሶና ሳህን ስንመለስ፣ ኤንጂኤፍ 50 ናኖግራም ለዚህ ሙከራ ብዙ ነው። ኤንጂኤፍ ሲጨምር የስሜት ነርቭ ጫፍ ለሴማፎሪን 3ኤ ይደነድናል። አንድ በኩል ብርዱ ኮንትሮሉን ያኮማትራል፣ በሌላ በኩል ኤንጂኤፉ የሴማፎሪኑን ሥራ ያዳክማል። ልዩነቱ የጠበበው ከሁለቱም ወገን ተገፍቶ ነው። ወደ 10 አውርዱት፤ እድገቱ ቢዘገይ ወደ 20። ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግን አይቻልም፤ ኤንጂኤፍ የሚፈልጉት የሕመምና የሙቀት ስሜት ሴሎች ናቸው፣ ሴማፎሪን 3ኤን በደንብ የሚሰሙትም እነሱ። በሌላው የእድገት ፕሮቲን፣ በኤንቲ3፣ የሚያድጉት የጡንቻ ስሜት ሴሎች በዚህ ዕድሜ መስማት እየተዉ ነው።

---

ጅሩ

ከርዕስ ልወጣ፣ ይቅርታ። እኛ አገር የጓያ ሽባነት አለ። ከዚህ ከአክሶን አመራር ጋር ይገናኛል?

---

ሐኪም_ደብሬ

አይገናኝም፣ ጅሩ። ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ቤታ ኦዳፕ፣ የግሉታሜትን አምፓ ሪሴፕተር ከልክ በላይ ያነቃና ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርዱትን የእንቅስቃሴ ነርቮች ይጎዳል። መንገዳቸውን ጨርሰው የተዘረጉ አክሶኖች ናቸው የሚጎዱት። ለብቻው ክር ክፈትለት፣ ብዙ የሚባል አለ።

አመራር ሲሳሳት ክሊኒክ ውስጥ የሚታየው ሌላ ነው። ሮቦ 3 የሚባለው ጂን ሲበላሽ አክሶኖች የአንጎልንና የአከርካሪን መሐለኛ መስመር አያቋርጡም፤ ልጁ ዓይኑን ወደ ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ አይችልም፣ አከርካሪው ደግሞ እያደገ ይጣመማል። አንገቱን እንጂ ዓይኑን የማያዞር፣ ጀርባው የጎበጠ ሕፃን ሲመጣ ይህንን ማሰብ ነው። ዲሲሲ የሚባለው የኔትሪን ሪሴፕተር በአንድ ቅጂ ሲጎድል ቀኝ እጅ ሲጽፍ ግራው ሳይታዘዝ አብሮ ይጽፋል። በአልቢኖ ሰዎች ከዓይን የሚወጡት አክሶኖች ከሚገባው በላይ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ጥልቀት መለየት የሚያስቸግራቸው በከፊል ለዚህ ነው፣ መነጽር አያስተካክለውም። ካልማን ሲንድረም ደግሞ ማሽተት የማይችልና ጉርምስናው የቀረ ወጣት ነው፤ የማሽተት አክሶኖች ሲስቱ እነሱን ተከትለው ወደ አንጎል መግባት የነበረባቸው ሆርሞን አመንጪ ሴሎችም ከመንገድ ይቀራሉ። ማሽተቱን በቡና መጠየቅ አምስት ሳንቲም አያስወጣም፣ ግን ማንም አይጠይቅም።

---

ጉም_ጣርማበር

መሐለኛው መስመር ከተነሣ አይቀር። ጋሼ መርሐቤቴ፣ ተማሪ ዘንድ እስካሁን የሚሄደው ሥዕል «ፍሎር ፕሌት (የፅንሱ አከርካሪ ወለል) ኔትሪን ይረጫል፣ አክሶን ሽታውን ከሩቅ ተከትሎ ይወርዳል» የሚለው ነው። ይህ ሥዕል በ2017 ተሰብሯል። ሁለት ቡድኖች ለየብቻ በአይጥ ፅንስ ላይ የፍሎር ፕሌቱን ኔትሪን ብቻ አጠፉ፤ አክሶኖቹ አብዛኛው መንገዳቸውን አልሳቱም። ከቬንትሪኩላር ዞን (የአከርካሪው የውስጥ ክፍተት ዳር) ሴሎች የሚወጣውን ሲያጠፉት ግን ተበታተኑ። ኔትሪኑ አክሶኑ በሚረግጠው ዳር ላይ ተለጥፎ ነው የሚመራው እንጂ ከሩቅ እየተነፈሰ አይደለም።

---

መርሐቤቴ

ተሰብሯል ማለት ይበዛል። ከዚያ በኋላ በ2019 የወጡት ሥራዎች የፍሎር ፕሌቱም ኔትሪን ድርሻ እንዳለው፣ ሶኒክ ሄጅሆግ ከሚባል ሌላ ምልክት ጋር ተጋግዞ እንደሚሠራ አሳይተዋል። አንዱን ስታጠፋ ሌላው ስለሚሸፍን ነው ቀላል የመሰለው። እውነት የሆነው ይህ ነው፦ በ1994 ከብዙ ሺህ የጫጩት ፅንስ አንጎል ኔትሪን የተጣራው በጄል ውስጥ አክሶን ከሩቅ ሲስብ ታይቶ ነው። ያ ሙከራ «ይችላል» ይላል። ፅንሱ ውስጥ «ያደርገዋል» ለማለት ሌላ ሙከራ ያስፈልግ ነበር።

የማያከራክረው ከተሻገረ በኋላ ያለው ነው። አክሶኑ ከመሻገሩ በፊት ሮቦ 3 ስሊትን እንዳይሰማ ያደርገዋል። ከተሻገረ በኋላ ስሊትን የሚሰሙት ሮቦ 1 እና 2 ጫፉ ላይ ይበዛሉ፣ ስሊት ይገፋዋል፣ ተመልሶ አይሻገርም። ሐኪም ያነሣው ልጅ ዓይኑን የማያዞረው እዚሁ ላይ ሲበላሽ ነው።

---

የይፋት_ልጅ

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ግሮውዝ ኮኑ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በግራና በቀኝ ጎኑ መካከል የመጠን ልዩነቱ ስንት ቢሆን ነው የሚለየው?

---

ጉም_ጣርማበር

እህቴ፣ በ2004 የጄፍሪ ጉድሂል ቡድን በኤንጂኤፍ ለክቶታል። ዲአርጂው ኮላጅን ውስጥ፣ ኤንጂኤፉ በጥንቃቄ እንደ ተዳፋት ተዘርግቶ። በግሮውዝ ኮኑ ስፋት ላይ የ0.1 በመቶ ልዩነት ይበቃዋል። ይህ ማለት በአንድ ጎን በአማካይ አንድ ሞለኪውል ያህል ብልጫ ነው። ግን በጣም ቀጭን ወይም በጣም ወፍራም በሆነ መጠን ይህ ችሎታ የለም፤ ሪሴፕተሮቹ ግማሽ በግማሽ በሚያዙበት አካባቢ ነው የሚሠራው። በኮላጅን ግራዲየንት የሚሠሩ ሰዎች ውጤት ሲያጡ አብዛኛውን ጊዜ ዳገቱ አንሶ አይደለም፣ መነሻ መጠኑ ከፍ ብሎ ሪሴፕተሩ ሁሉ ሞልቶ ነው።

---

ባሶና

በአዲሱ አሠራር፦ ኤል15፣ ኤንጂኤፍ 10፣ የሞቀ ሰሌዳ፣ የሞቀ ፊክስ በግማሽ ልውውጥ። ኮንትሮሉ ከ20 በመቶ በታች ወርዷል፣ ሴማፎሪኑ 70 ላይ ነው። አሁን የቀረው አንዳንዱ እንቁላል በ7ኛ ቀኑም ትንሽ ሆኖ መገኘቱ ነው። ዲአርጂው ይሳሳል፣ ሲወጣ ይቀደዳል።

---

መሐል_ሜዳ

በቀን አትሂዱ፣ በደረጃ ሂዱ። በዚህ ከፍታ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ፅንሱ ይዘገያል፤ የጫጩት ፅንስን እድገት በደረጃ የሚከፍለው የሐምበርገርና ሐሚልተን የ1951 ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ደግሞ ሰዓትን ከመልክ ጋር እያስተያየ ነው፣ መልኩን እመኑ። የምትፈልጉት ከ30 እስከ 33 ደረጃ ነው፦ የላባ ቡቃያ በጀርባው ላይ ረድፍ ይዞ የሚታይበት። 7 ቀን ቆይቶ 28 ላይ ያለ ከሆነ ተዉት፣ ሌላ እንቁላል ክፈቱ።

ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ እንቁላል አውራ የሌለበት ስለሆነ ምንም አይወጣውም። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ይሆናል፣ ግን ገበያ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ አይታወቅም፤ ከ7 ቀን ያለፈው ይሞታል ወይም ይዘገያል። ከአንድ አርቢ ጋር ተስማምታችሁ በተጣለበት ቀን ቀኑን በእርሳስ እያስጻፋችሁ ውሰዱ። የደብረ ብርሃን ብርድ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ 15 ዲግሪ ገደማ ያለ ክፍል ለማቆያ ተስማሚ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አይግባ። በከፍታ ላይ ከቅርፊቱ ውሃ ቶሎ ይተናል፣ የማስፈልፈያውን እርጥበት ከ60 ወደ 65 እና 70 በመቶ መካከል አድርጉት። በ4ኛው ቀን በባትሪ ብርሃን አስተላልፉ፤ የደም ሥር ካልታየ ያውጡት፣ ሲበሰብስ ሌላውን ያበላሻል።

ዲአርጂ ሲወጣ፦ ፅንሱ በጀርባው ይተኛል፣ የሆድ ዕቃው ይነሣል፣ አከርካሪው ግራና ቀኝ ላይ ዶቃ መስለው ይታያሉ። በቁጥር 5 ፎርሴፕስ ጋንግሊዮኑን ራሱን አትያዙ፣ ከሱ የወጣውን ነርቭ ይዛችሁ ሳቡ። ሥሩ ላይ የቀረውን ጅማት በተንግስተን መርፌ ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ ከዚያ የሚወጡት የጅማት ሴሎች (ፋይብሮብላስቶች) አክሶኖቹን ይቀድማሉ። በአንድ ከቨርስሊፕ 3 ወይም 4 ይበቃል።

---

ሐኪም_ደብሬ

ስለ ማምከኛውም ይታሰብ። በዚህ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ መቀስ ቀቅሎ ንጹሕ ነው ማለት አያስኬድም። አውቶክሌቭ ከሌለና በፕሬዠር ኩከር ከሆነ፣ 15 ፒኤስአይ የሚያሳየው ጌጅ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ነው፤ እዚህ 116 ብቻ ይደርሳል። ወደ 19 ፒኤስአይ ካልወጣ 121 የለም። ዕቃው 19 የማይችል ከሆነ አታስገድዱት፣ በ15ቱ ላይ ከ15 ደቂቃ ይልቅ 50 ደቂቃ አቆዩት። ሴረምና ኤንጂኤፍ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ እንጂ በሙቀት አይሆኑም። ማጣሪያው ደግሞ ፕሮቲን የማይዝ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ኤንጂኤፉ እዚያው ይቀራል።

---

መርሐቤቴ

አቆጣጠሩ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ላሜሊፖዲያ የሌለውና ፊሎፖዲያው ከ3 ያነሰ ጫፍ «ተኮማትሯል» ይባላል፤ ይህን ከመቁጠር በፊት ጻፉት፣ በመሐል አትቀይሩት። የሚቆጥረው ሰው የትኛው ሳህን ሴማፎሪን እንዳለው አይወቅ፤ ሌላ ሰው መለያውን በፕላስተር ይሸፍን። በእያንዳንዱ ሳህን ቢያንስ 100 ጫፍ፤ ከጥቅሉ ተለይቶ ብቻውን የወጣውን ብቻ። ፌዝ ኮንትራስት በ40 ሌንስ ይበቃል፤ ፍሎረሰንስ ካለ ፋሎይዲን አክቲኑን ያሳያል፣ ለተማሪ ዓይን ደግሞ ያማረ ነው።

በሒሳቡ ግን 400 ጫፍ ቆጥሮ «ኤን (የናሙና ብዛት) 400 ነው» የሚል ተማሪ ነጥቡ ይቆረጥ። ከአንድ ጋንግሊዮን የወጡት ጫፎች አንድ ሚዲየም ጠጥተው፣ አንድ ብርድ ተመትተው የኖሩ ናቸው። ኤን የሚሆነው ለየብቻ የተዘጋጀው ሙከራ ነው፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ እንቁላል። የፊክሱንም ቅደም ተከተል አፈራርቁ፤ ሁልጊዜ ኮንትሮሉ መጨረሻ ላይ ከወጣ ብርዱ ሁልጊዜ እሱን ይመታል።

---

ባሶና

የመጨረሻ ጥያቄ። ሴማፎሪኑ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጠርሙስ ውድ ነው። እንዴት እንከፋፍለው?

---

መሐል_ሜዳ

በደረሰ ቀን ይከፋፈል። ቢኤስኤ 0.1 በመቶ ባለበት ንጹሕ ፒቢኤስ አሟሙት፤ ያለ ቢኤስኤ ትንሽ ፕሮቲን ቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቱቦውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ ቮርቴክስ አይነካው። ለአንድ ሙከራ የሚበቃ በየትንሽ ቱቦው፣ መቅጃ ቀኑ ተጽፎበት፣ በሚነስ 80። የቀለጠ ቱቦ ተመልሶ አይገባም፣ የተረፈው ይደፋ።

መብራት የሚጠፋ ከሆነ ፍሪዘሩን አትክፈቱ፣ ባዶ ቦታውን በውሃ ጠርሙስ ሙሉት። አዲስ ቱቦ ስብስብ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከ50 እስከ 500 ናኖግራም አራት መጠን ሞክሩ፤ ኩርባው ከቀድሞው ከራቀ ወይ ፕሮቲኑ በመንገድ ሞቋል ወይ ኤንጂኤፉ ተቀይሯል። ኤንጂኤፉን መጀመሪያ እዩ።